አለሁ የሚል መስመር

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን፣ ለቡ መብራት ኃይል የምንኖርበት ሕንጻ ደረጃ ላይ ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ አስቆሙኝ። ከታች ሽንኩርት ገዝተው እየወጡ ነበር።

«ለመሆኑ ጽጌ፣ ያን ሁሉ ዘመን ሥራሽ ምን ነበር?» አሉኝ።

«ኔትወርክ ላይ የሚደርስ ብልሽት እንከታተል ነበር፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር ስረግም የኖርኩት አንቺን ነው በይኛ።»

«እኔኑ ነው» አልኳቸው። ሁለታችንም ሳቅን።

ቤቴ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የኛ ሥራ እንዲህ ያለ ነው፤ ሲያምር ማንም አያየውም፣ ሲበላሽ ግን አገር ያውቀዋል። አሁን ደግሞ ሥራው ራሱ መልኩን እየለወጠ ነው። ብልሽቱን የሚያስሰው ሶፍትዌር ሆኗል። የተኩኝ ልጆች «ሲስተሙ ይነግረናል» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ይነግራቸዋል። እኔ ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ሲስተሙ ያልነገረን አንድ ቀን ስለነበረ ነው። በዚያ ቀን የሆነውን፣ ከዚያም በኋላ የመጣውን ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል።

ሥራ የጀመርኩት በመዳብ ሽቦ ዘመን፣ የስልክ መስመር ጠጋኝ ሆኜ ነው። ደመወዟ ቤት ኪራይና አስቤዛ ከሸፈነች ተመስገን ነበር። መሰላል ተሸክሜ አንዱ በር ላይ ስቆም የቤቱ ባለቤት አንገታቸውን አስግገው ከኋላዬ ይመለከቱና «ወንዱስ የት አለ?» ይሉኛል። «ወንዱ እኔ ነኝ፣ አባባ። ሣጥኑን ያሳዩኝ» እላቸዋለሁ። ያኔ ብልሽት በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነበር። ዝናብ የገባበት ሣጥን፣ አይጥ የበላው ሽቦ፣ የዛገ መጋጠሚያ። አገኘዋለሁ፣ እቆርጠዋለሁ፣ እቀጥለዋለሁ፤ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ያ ረጅም ድምፅ ይመጣል፤ በቃ፣ ሥራው አለቀ።

ከዚያ መዳቡ በፋይበር እየተተካ ሄደና እኔም ንፋስ ስልክ ወደነበረው መቆጣጠሪያ ክፍል ተዛወርኩ። ግድግዳውን የሞላ ስክሪን፣ ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ከልክ በላይ የሚያቀዘቅዝ ማሽን። ጋቢ ደርቤ ነበር የምሠራው። ጋሽ ፈይሳን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

ጋሽ ፈይሳ የላፍቶ ልጅ ናቸው። አባታቸው ጤፍ ሲዘሩበት የኖሩት ማሳ ዛሬ አፓርታማ ቆሞበታል፤ አፓርታማው ፊት ለፊት ባለው መንገድ ሥር ደግሞ የኛ ፋይበር ያልፋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ነገር ሲከብዳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ፤ እሳቸው መነጽር ያወለቁ ዕለት ክፍሉ በሙሉ ጆሮውን ያቆማል።

የመጀመሪያው ቀን ስክሪኑን አላሳዩኝም። ሻይ አዘዙልኝና «ደብዳቤ ልከሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«በልጅነቴ፣ ጋሼ።»

«ደብዳቤው ፖስታ ውስጥ ይገባል። ፖስታው ጆንያ ውስጥ፣ ጆንያው መኪና ላይ፣ መኪናው መንገድ ላይ። ሹፌሩ ደብዳቤው ምን እንደሚል አያውቅም፤ ደብዳቤ ጸሐፊውም ሹፌሩን አያውቀውም። የኛም ቤት እንዲሁ ነው። ከታች የመስታወቱ ክር አለ። በክሩ ውስጥ ብርሃኑ። ከብርሃኑ በላይ የኛ ኤተርኔት፣ መልእክቱን የሚያመላልሰው፣ ከሱ በላይ ደግሞ የደንበኛው። እያንዳንዱ ንብርብር የየራሱ ዘበኞች አሉት፤ አንድ እዚህ ጫፍ፣ አንድ እዚያ ጫፍ።»

«ዘበኞቹ ምን ይሠራሉ?»

«አለሁ ይላሉ። ሌላ ሥራ የላቸውም።»

እውነትም ሌላ ሥራ የላቸውም። በያንዳንዱ ንብርብር፣ ከዚህ ጫፍ ወደዚያ ጫፍ፣ ትንሽዬ መልእክት ያለማቋረጥ ትሄዳለች። ምንም ወሬ የላትም፤ አለሁ ብቻ ናት። የወዲያኛው ዘበኛ ደግሞ ይህችን ቃል እየጠበቀ ይኖራል። ደጋግማ ከቀረችበት ይጮኻል፤ እኛ ስክሪን ላይ ቀይ ይበራል። ይህን በሰማሁ ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ሀይሌ ጋርመንት ላይ ታክሲ ጥበቃ ተሰለፍኩ። ረዳቶቹ ይጣራሉ፣ ሰው ይጋፋል፣ የልብስ ሻጮቹ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል። እኔ ግን ዓይኔን አስፋልቱ ላይ ተክዬ ቀረሁ። ከእግራችን ሥር ስንትና ስንት አለሁ ያልፋል፣ ማንም አይሰማውም። የፈጣሪ ያለህ አልኩ በሆዴ። ያ መገረም እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ጋሽ ፈይሳ ግን አልተገረሙም። «አባቴ ያውቃት ነበር ይችን ነገር» ይሉ ነበር። «ከማሳው ወዲያ ጫፍ ሆኖ ያርማል፣ እኔ ከወዲህ። ሰብሉ ቁመት ሲያወጣ አንተያይም። ትንሽ ቆይቶ ‹ጅርታ?› ይላል። አለህ ወይ ማለቱ ነው በኦሮምኛ። ‹ጅራ› እለዋለሁ፣ አለሁ፤ እሱ አለ ለማለትም ያው ቃል ነው። ከዚያ ዝም ብለን እናርማለን። የሚፈልገው ነገር ኖሮ አልነበረም የሚጠራኝ።»

የሳቸውም ልማድ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። የተቆረጠ መስመር ተቀጥሎ ስክሪኑ አረንጓዴ ሲሆን ሁላችን ወደ ሌላ ሥራ እንዞራለን። እሳቸው ስልክ ያነሳሉ። መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ላለ ሰው፣ ለአንድ ፋርማሲ ወይም ለአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ይደውላሉ። «ጤና ይስጥልኝ። መስመራችሁ ተመልሷል ብሎኛል ማሽኑ። አላችሁ ወይ?» ይላሉ። ደንግጦ የሚዘጋባቸው ነበር። ልጆቹ ይስቁባቸው ነበር፤ አንዱማ «ጋሽ ፈይሳ ለዘመድ ነው የሚደውሉት» ብሎ ያሾፍ ነበር። መመሪያው ይህን አያዝዝም፤ እሳቸው ግን ሰው አለሁ ሳይላቸው ተጠገነ የምትል ቃል ከአፋቸው አትወጣም።

አለቃችን ኢንጂነር ሰሎሞን ወጣት፣ ትጉህና ቅን ሰው ነበር። እሱ ሲመጣ የኛ ትልቁ ችግር ጩኸት ነበር። አንድ ኬብል ሲቆረጥ የታችኛው ዘበኛ ይጮኻል፤ ከሱ በላይ ያሉት ሁሉ አለሁ የምትለው ቃል ስለምትቀርባቸው እነሱም ይጮኻሉ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ይሆናል። የተቆረጠው አንድ፣ የሚጮኸው እልፍ። እሱ ታዲያ ማሽኖቹ የሚችሉትን ግን እኛ ሳንጠቀምበት የቆየነውን ነገር ሥራ ላይ አዋለ። የታችኛው ዘበኛ ብልሽት ሲያይ ከላይ ላሉት «ችግሩ እኔ ጋ ነው፣ እናንተ ዝም በሉ» ብሎ ይልካል። እነሱም ዝም ይላሉ። በስክሪኑ ላይ አንድ ቀይ ብቻ ይቀራል። ክፍላችን ጸጥ አለ፤ የኔም ራስ ምታት ተወኝ። ደስ ብሎን ነበር።

ጋሽ ፈይሳ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኢንጂነር፣ ለቅሶ ቤት ስትሄድ አይተህ ከሆነ፣ እዚያ ከሚያለቅሰው ሰው ግማሹ የሚያለቅሰው ለሟቹ አይደለም። የራሱን ሰው አስታውሶ ነው። ሁሉንም ዝም በሉ ካልካቸው፣ ቤቱ ሌላ ሐዘን ያለበትን ሰው በምን ትለየዋለህ?»

«ለዚህ እኮ ነው አማራጭ መንገድ የሠራነው» አለ ኢንጂነር ሰሎሞን። «ዋናው በሀይሌ ጋርመንት በኩል ሲቆረጥ፣ ሁሉም በላፍቶ በኩል ዞሮ ያልፋል። ዓይን እስኪጨፈን ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ ጋሽ ፈይሳ።»

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ገባ። ቁርጥ ሲደርስ በዚያ አካባቢ የሚደውል ደንበኛ ሁሉ በዚያው ብልሽት ሥር ይጠቃለላል። የስልክ መልስ ሰጪዎቹም «ብልሽቱ ታውቋል፣ እየተሠራ ነው» ይላሉ። ውሸት የለበትም። እኛ ዘንድም ታውቋል የሚል ቃል ከገባ ማንም አያነሳውም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ መንገድ የሚቆፍር ስካቫተር ዋናውን ኬብል በጠሰው። ጋሽ ፈይሳ ኬብሉን ከሚቀጥሉት ሠራተኞች ጋር ወጡ። ፋይበር መቀጠል ትዕግሥት ይጠይቃል። ከፀጉር የቀጠነውን ክር ልብሱን ትገፍፉታላችሁ፣ በአልኮል ትጠርጉታላችሁ፣ ጫፉን በምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ ትቆርጡታላችሁ፤ ከዚያ ማሽኗ በብልጭታ ታቀልጠውና ታዋህደዋለች። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከገባች እንደገና ነው። ጉድጓዱ ላይ ሸራ ወጥረው፣ ጭቃ ላይ ተንበርክከው ነው የሚሠሩት። እኛ ክፍል ውስጥ ግን ጸጥታ ነበር። አንድ ቀይ፣ ሌላው በላፍቶ በኩል ዞሮ ያልፋል። ኢንጂነር ሰሎሞን «አያችሁ?» አለን፤ አየን፣ ኮራን። ከሰዓት በኋላ ቅጥሉ አለቀ፣ ቀዩ ጠፋ፣ ብልሽቱ ተዘጋ። ጋሽ ፈይሳም ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሆነው እንደ ልማዳቸው ሁለት ሦስት ቦታ ደወሉ። አለን አሏቸው።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ነርስ እስከ ክፍላችን በር ድረስ መጣች። ጥበቃው እንዴት እንዳስገባት አላውቅም። ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ነበር። ሲስተር ዘይነባ ትባላለች፤ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ያለ የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ይሻለን ነበር።

«ትናንት ጠዋት አንድ ሕፃን ተወለደ» አለች። «ከንፈሩ ጠቆረብን። እንዲህ ሲሆን ልቡን በአልትራሳውንድ እያየን ምስሉን በናንተ መስመር ለልብ ሐኪሙ እንልካለን። እሱ ያለው ሌላ ሆስፒታል ነው። አይቶ መድኃኒቱን ጀምሩ፣ ወይ ተዉ ይለናል። መስመሩ የለም። በስልክ ነገርኩት፣ ሳላየው አልችልም፣ መድኃኒቱ ለማይስማማው ልብ ከተሰጠ ይጎዳል አለኝ። እናንተ ጋ ደወልኩ። ታውቋል አሉኝ። ደግሜ ደወልኩ። ታውቋል። ከታወቀማ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ሲብስበት አቅፌው መኪና ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ተቆፍሯል፣ መኪናው አያልፍም። እጄ ላይ ነው የሞተው።»

ከዚያ ሁላችንንም በየተራ አየችን።

«የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። ታውቋል ስትሉኝ፣ ማን ነው ያወቀው?»

ኢንጂነር ሰሎሞን ወደ ስክሪኑ ዞረ። የክሊኒኩ መስመር ትናንት አንድም ቀይ የለውም። ዛሬም ጤነኛ ነው። ጋሽ ፈይሳ ወንበር ስበው ሲስተርን አስቀመጧት፤ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ጋሽ ፈይሳም ከሥሩ ጀመሩ። የመስታወቱን ክር ለኩ፤ ደህና ነው። ብርሃኑን፤ ደህና። የኛን ኤተርኔት ዘበኞች፤ ሁሉም አለሁ ይላሉ። የክሊኒኩን፤ እሱም አለሁ ይላል።

«የዳነ በሽተኛ ምን አሞት እንደነበር አይነግርሽም፣ ጽጌ» አሉኝ። «መልሰን ማሳመም አለብን።»

ከክሊኒኩ ጋር ተነጋግረን፣ ሲስተር ዘይነባ በስልክ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ቆማ፣ ዋናውን መንገድ ሆን ብለን ዘጋነው። ሁሉም ዓይን እስኪጨፈን በላፍቶ ዞሮ አለፈ። «መስመሩ ጠፋ» አለች ሲስተር። ስክሪናችን ላይ አንድ ቀይ ብቻ አለ፤ እሱም የዘጋነው። የክሊኒኩ ዘበኛ ዝም በል ተብሏልና ዝም ብሏል። ጋሽ ፈይሳ «በየት በየት ታልፋለህ?» የምትል መልእክት ወደ ክሊኒኩ ላኩ፤ እንዲህ ያለችው መልእክት በየጣቢያው እየቆመች መልስ ይዛ ትመለሳለች። አንዱ ጣቢያ መለሰ፣ ቀጣዩ መለሰ። ላፍቶ ላይ ስትደርስ ቀረች።

የክሊኒኩ መስመር የተከፈተው አማራጭ መንገዱ ከተሠራ በኋላ ነበር። ላፍቶ ያለው ማሽን ስለዚያ ክሊኒክ የነገረው የለም፤ ስለዚህ ሲመጣበት አላሳለፈውም። በቃ፣ ይኸው ነው። ትናንት ዋናው ኬብል ሲቀጠል መስመሩ በራሱ ተመልሷል፣ ዱካውም ጠፍቷል። ሲስተር በእግሯ ባትመጣ ኖሮ እስከ ዛሬ አናውቀውም ነበር። ጋሽ ፈይሳ የጎደለውን አጭር ትእዛዝ ጻፉ። ስልኩ ውስጥ የሲስተር ድምፅ «መጣ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ኢንጂነር ሰሎሞን ከኋላችን ቆሞ ነበር። «‹ሁሉም› ብያቸው ነበር» አለ ለራሱ። ሐኪሙ በኋላ ሲጠየቅ፣ ምስሉን ባየውም ሕፃኑ ይተርፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም አለ። ይህ ሊያጽናናን ይገባ ነበር መሰለኝ፤ አላጽናናንም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ታውቋል የምትል ቃል ከክፍላችን ወጣች። አንድ ደንበኛ ሲደውል የደወለበት መስመር ብቻውን ይታያል፤ ያየው ሰው ስሙን ይሰጣል። የጋሽ ፈይሳ ስልክም የሁላችን ልማድ ሆነ፤ ያሾፍባቸው የነበረው ልጅ ሳይቀር ይደውል ጀመር። ኬብል ሲቀጠል ብቻ ሳይሆን ገና ሲቆረጥ፣ ሁሉም ዞሮ አለፈ በሚባልበት ሰዓት መደወል ጀመርን። አማራጭ መንገዱንም መስመር በመስመር እየዘጋን ፈተሽነው።

የሲስተር ዘይነባ እምነት ግን በዚህ ሁሉ አልተመለሰም። ጋሽ ፈይሳ ክሊኒኩ ድረስ ሄደው ነበር፤ እኔም ተከትያቸው ሄጃለሁ። መስመሩ እንደተስተካከለ፣ እንደተፈተነ ነገሯት። እስኪጨርሱ ጠበቀችና «አባባ፣ ለእርስዎ መስመር ነው፤ ለኔ ሕፃን ነው» አለች። «ከንፈሩ የጠቆረ ልጅ ከመጣ በመኪና ነው የምልከው። መኪናውን ቢያንስ አየዋለሁ።»

እኛ በዚህ ክፍለ ከተማ መንገድ ላይ የምንውል ሰዎች በመኪና መላክ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። የትናንቱ መንገድ ዛሬ ጉድጓድ ነው፣ የዛሬው ነገ። መስመሩ ጤነኛ ሆኖ ተቀምጦ፣ ሌላ ሕፃን እዚያ ጉድጓድ ዳር ቢሞትስ? ይህ ሐሳብ ስንት ጊዜ ከምግቤ አስነስቶኛል። ጋሽ ፈይሳ መንገድ ላይ ስንመለስ «ትክክል ናት» አሉኝ። «እምነት በልመና አይገኝም። ትጠይቂያለሽ፣ ትመልሳለች፤ ሰብሉ እስኪታጨድ።»

ጠየቋትም። በከተማው ደቡብ በኩል አንድ መስመር በተቆረጠ ቁጥር ይደውሉላታል። «ሲስተር፣ አላችሁ ወይ?» መጀመሪያ ላይ አታነሳም ነበር። ቀጥሎ «አዎ» ብላ ትዘጋለች። ቆይታ ደግሞ «አለን» ማለት ጀመረች፤ ግን ሕፃናቱን አሁንም በመኪና ነበር የምትልከው። ጋሽ ፈይሳ ጡረታ ሲወጡ ዕቃቸውን በአንድ ፌስታል ይዘው ጠረጴዛዬ ጋ ቆሙ። «ሌላውን ማሽኑም ይጠይቅልሻል። እሷን ግን አንቺ ጠይቂያት» አሉኝ። እኔም ጠየቅሁ። ዓመታት ጠየቅሁ።

የኔም ጡረታ የተቃረበ ሰሞን፣ የውሃ ቧንቧ የሚቀብሩ ሠራተኞች ዋናውን ኬብል እንደገና በጠሱት። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ ምሳ ልንወጣ ስንል ነው። አንድ ቀይ በራ። ስልኩን አንስቼ ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። ቶሎ አልተነሳም። ሲነሳ ከበስተኋላ መሣሪያ ሲንጫጫ ይሰማኛል።

«ሲስተር፣ ጽጌ ነኝ። ዋናው ተቆርጧል። አላችሁ ወይ?»

«መቼ ነው የተቆረጠው?» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አሁን። ቅድም፣ ልደውልልሽ ስል።»

«እኛ ምንም አላየንም። ዶክተሩ እያየው ነው።»

ገና አልገባኝም። «ምኑን ነው የሚያየው?»

«ልቡን» አለች። «ጠዋት የተወለደ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። ምስሉን በመስመሩ ነው የላክሁት፣ ጽጌ። ቆይ፣ አትዝጊ።»

አልዘጋሁም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። የሐኪሙ ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል፤ ረጋ ብሎ ያዛል፣ ሲስተር «እሺ፣ እሺ» ትላለች። ኬብሉ ጉድጓድ ውስጥ ተበጥሶ ተጋድሟል። የዚያ ሕፃን ልብ ምት ግን ሳታቋርጥ፣ አንዲት ምት እንኳ ሳትጎድልባት፣ በሌላ መንገድ ዞራ ሐኪሙ ዓይን ሥር ትመታለች። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ። እንደዚያች ቅጽበት ያለ ግን አላየሁም። አለቀስኩ፤ ሰው ፊት፣ ሳልደበቅ።

«መድኃኒቱን ጀመርን» አለችኝ ተመልሳ። ከዚያ «አለን» ብላ ዘጋች።

ለጋሽ ፈይሳ ወዲያው አልደወልኩም፤ ጠበቅሁ። ሕፃኑ ቀለሙ ተመልሶ፣ ወደሚያክሙት ሆስፒታል በደህና ደርሶ፣ እናቱ ጡት አጠባችው የሚል ወሬ ከሲስተር እስክሰማ ጠበቅሁ። ከዚያ ደወልኩ። ጆሯቸው ደክሟል፤ ጮኽ ብዬ ነው የነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ዋናው ተቆርጦ በየት አለፈ?» አሉኝ።

«በላፍቶ በኩል ነዋ፣ ጋሼ። በአባትዎ ማሳ ሥር።»

መነጽራቸው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በስልኩ ተሰማኝ።

«ልጁስ» አሉ፤ «ጅራ?»

«ጅራ» አልኳቸው።